የዓመቱ የመጨረሻ ከሰል

ሰኞ ጃንዋሪ 8፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የስታዲየሙ መኪና ማቆሚያ ጥበቃ ሬይ ዶብስ የአንዲት አሮጌ የተማሪዎች አውቶቡስ በር አንኳኳ። አውቶቡሷ በአሜሪካ እግር ኳስ ቡድናችን በመርከበኞቹ ቀለም፣ በሰማያዊና በብርቱካን የተቀባች ናት። ከጨዋታ ማግስት በጊዜ መነሳት ስላለባት «አንሷት እንጂ!» ሊል ነበር። መልስ ሲያጣ በሩን ገፍቶ ገባ። በኋለኛው ረጅም ወንበር ላይ ወንድሜ ቨርን ኮዋል ብርድ ልብስ ደርቦ፣ ጫማውን አውልቆ ከሥሩ አስተካክሎ አስቀምጦ ተኝቷል። ፊቱ ቀላ ያለ ስለነበር ሬይ እንቅልፍ የጣለው መስሎት ትከሻውን ነቀነቀው። ቨርን ግን ደርቆ ነበር።

ቨርን ስልሳ አራት ዓመቱ ነበር። ከወደቡ ጀርባ ጎሚስታ ነበረው፤ የከተማውን ግማሽ ጎማ ለጥፏል። እኔ ያን እሑድ ጉንፋን ጥሎኝ ጨዋታውን ከቤት ነው የሰማሁት። እዚህ የምጽፈውን ከፊሉን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የቀረውን ከሰዎቹ አንደበት፣ ይልቁንም ከመርማሪዋ ከአይዳ ክሮስሊ ሰምቻለሁ።

አይዳ አጭር፣ ጠይም፣ ሃምሳዎቹን የተሻገረች ሴት ናት። ትውልዷ ከተቀናቃኞቻችን ከተማ ስለሆነ በእኛ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ እንኳ ቀልዱ አይለቃትም። ያን ጠዋት ወደ ስታዲየሙ ስትነዳ የመኪናዋ ሬዲዮ ላይ የደጋፊዎች ፕሮግራም ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። የሚጮኹበት ጉዳይ ከተማው በሙሉ የሚጮህበት ነው፤ ኳሷን ታቅፎ የሚሮጥልን ሮኒ ታልበርት ውሉ አልቋል፤ ይታደስለት ወይስ ይሸኝ?

አዘጋጁ ስልኮቹን ሲዘጋ እየሳቀ እንዲህ አለ፦ «ባለ ሥጋ ቤቱ ጊል ዛሬ የት ገባ? አሥራ አንድ ዓመት አንድ ሰኞ ያልቀረብን ሰው! መቼም ታልበርት ይሂድ ሲል ጎረቤቶቹ በጎድን አጥንት ሳይመቱት አልቀረም።»

አይዳ ጊል ማን እንደሆነ አታውቅም ነበር። ሬዲዮውን ዘግታ ወረደች።

ከአውቶቡሷ ጀርባ ባለ ክዳን የከሰል መጥበሻ ቆሟል። በዙሪያው ያለ መኪና ሁሉ በረዶ ተከምሮበታል፤ የመጥበሻው ክዳን ግን ንጹሕ ነው።

«ይህን ነክተኸዋል?» አለችው ሬይን።

«ኧረ እኔ ወደ ውስጥ ነው የገባሁት።»

«በረዶው መቼ አባራ?»

«አሥር ሰዓት ግድም። ጎህ ሳይቀድ። ከዚያ ወዲህ ጠብ አላለም።»

አይዳ ተንበርክካ መጥበሻውን በሁለት እጇ አነሳችው። በሥሩ ያለው በረዶ እግሮቹ ከተጫኑት በቀር አልቀለጠም። ክዳኑን ከፈተች። ውስጡ ባዶ ነው፤ አመድ እንጂ አንዲት ፍም እንኳ የለም። የላይኛውም የታችኛውም የአየር ቀዳዳ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። ቀና ብላ ስታይ ከአውቶቡሷ መስኮቶች ሁለቱ ወለል ብለው ተከፍተዋል።

«መስኮቱን አንተ ነህ የከፈትከው?»

«ስመጣም እንዲሁ ነበር። በዚህ ብርድ ማን ከፍቶ ይተኛል?»

ወደ ውስጥ ገባች። ከኋለኛው ወንበር በስተጀርባ፣ ዕቃ በሚደረግበት ጥግ፣ አንድ ትልቅ የሸራ ባነር እንደነገሩ ተጣጥፎ ወድቋል። ዘረጋችው። «28ን አትልቀቁት!» ይላል፤ የታልበርት ቁጥር ነው። በሁለቱና በስምንቱ መካከል ቡናማ፣ ክብ የቃጠሎ ምልክት አለ፤ ስፋቱ የመጥበሻውን ክዳን ያህላል።

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ ደወለ። «የከሰል ጭስ ነው የገደለው። ሌላ ምንም የለበትም።»

«ከሰል አፍኖት የሞተ ሰው ምድጃውን ተነስቶ ወደ ውጭ አያወጣም» አለች አይዳ፤ ስልኩንም ዘጋች።

ወንድሜ በየጨዋታው ከሦስት ሰዎች ጋር ነበር የሚውለው፦ አውቶቡሷን ከምትነዳው ከሎሬታ ባይነም፣ እሳቱንና ሥጋውን ከሚይዘው ከጊል ራፈርቲ፣ ከአንድያ ልጁም ከኔት። አይዳ ከሎሬታ ጀመረች።

ሎሬታ ዓይኗ አብጦ በሩን ከፈተች። ጡረታ እስክትወጣ የተማሪ አውቶቡስ ነጂ ነበረች፤ ድምፅዋ ዛሬም እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል።

«ጠቡ በምን ነበር?» አለች አይዳ።

«በምን ይሆናል እህቴ! በታልበርት ነዋ። ባል ባይሞትብኝ ኖሮ በዚህ ጉዳይ ይፈታኝ ነበር። በየዓመቱ ከመጨረሻው ጨዋታ በኋላ ውላቸው ባለቀ ልጆች ላይ ድምፅ እንሰጣለን፤ የሚሰማን ባይኖርም። እኔና ቨርን ይቆይ አልን። ጊልና ኔት ይሂድ። ሁለት ለሁለት።»

«ከዚያስ?»

«ጊል ያው እንደ ልማዱ፣ ‹ሃያ ዘጠኝ ዓመት ለሯጭ ሽምግልና ነው፤ ሥጋ ሲያረጅ እኔ አውቃለሁ› አለ። ሳቅን። ቨርን ግን አልሳቀም። ‹ስምንት ዓመት በጀርባው አዝሎን፣ ጉልበቱ ሲያልቅ እንጣለው?› አለ። ኔት ደግሞ፣ ያ ልጅ አፉ አያርፍም፣ ‹አባዬ፣ ያለቀ ጎማ ትለጥፈዋለህ፣ ትለጥፈዋለህ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ይፈነዳል› አለው።»

«ቨርን ምን አለ?»

ሎሬታ አፍንጫዋን ጠረገች። «‹እኔንም እንደዚያ ነው የምታየኝ?› አለው። ቨርን ሁለቱንም ጉልበቱን ቀዶ ጥገና ተሠርቶ የለ። ኔት ጎሚስታውን ዝጋ እያለ ዓመቱን ሙሉ ሲጨቀጭቀው ነበር። በዚያ ላይ ተሸንፈናል፣ ሁሉም ጠጥቷል። ልጁ ጮኸበት። ‹አዎ! ደክመሃል! እንግዲያው ሙትና ይለይልን!› አለው። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየን። ቨርን ጀርባውን ሰጠው። ከስታዲየሙ ጀርባ ወዳለው ሐይቅ ሄደ።»

«እናንተስ?»

«እኔና ኔት ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ ጫፍ ላይ ቆመን ጥቂት ጠበቅነው፤ ጊል ዕቃውን ለመሰብሰብ ቀረ። ስልኩን አያነሳም፤ ሲቆጣ እንደዚያ ነው። በረዶው ሲጀምር አውቶቡሷን ትተናት በየመኪናችን ገባን። ጠጥተን አንነዳትም፤ ሁልጊዜ ሰኞ ነው የምወስዳት። እኔ ቨርን ከጊል ጋር የሄደ መሰለኝ። በሩ እንደሆነ ቁልፉ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ማንም ይገባል።»

ኔት ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። አይዳ ያገኘችው በአባቱ ጎሚስታ ውስጥ፣ መብራት ሳያበራ፣ በተገለበጠ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነው። የመኪና መግቢያው ካሜራ የእሱን መኪና ይዟል፤ እሑድ ሁሉም ከሄደ በኋላ፣ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ተመልሶ ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ወጥቷል። ዐቃቤ ሕጉ ይህን ካየ ወዲህ ሌላ ነገር መስማት አልፈለገም። ልጁ አባቱን በሕዝብ ፊት ሙት ብሏል፤ ተመልሶ መጥቷል፤ አባትየው ሞቷል። እስከ ረቡዕ ማታ ሌላ ካልተገኘ ኔትን በግድያ ሊከስሰው ነው።

«ለምን ተመለስክ?» አለችው።

የጎማውን ጥርስ በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር።

«ኔት፣ ዝምታህ ያሳስርሃል።»

«ይሰሩኝ።»

«አባትህን ገድለሃል?»

«ሙት ብዬዋለሁ። ሞተ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

አይዳ ሌላ ጎማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታ እንደ ዋዛ «የእሑዱን ከሰል ማን ደፋው?» አለች።

ኔት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «የመጨረሻውን ጨዋታ ከሰል? እንኳን ሊደፋ! እንደሌላ ቀን ቢሆን ጥበቃዎቹ ባስቀመጡት በርሜል ውስጥ እንደፋለን። የመጨረሻው ግን በክዳን ይታፈንና ሲጠፋ ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል። የሚመጣው ዓመት የመጀመሪያ እሳት ከእሱ ነው የሚያያዘው። ከደፋነው ቡድኑ ይወድቃል። አባዬ ነው ያመጣው፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ነው።»

«ማን ይይዘዋል?»

«ጊል። ሌላ ሰው አይነካውም።»

ማክሰኞ አይዳ ሥጋ ቤት ሄደች። ጊል ራፈርቲ ወፍራም፣ ቀይ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው ነው፤ ከወንድሜ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛሞች ነበሩ። እስከ ክርኑ ደም ነክቶት ወጣ።

«እርስዎ ነዎት የእነዚያ ሌቦች ደጋፊ?» አለ። ቀልዱ ግን ከአፉ ሲወጣ ሞቶ ነው የወጣው።

«ባለፈው ዓመት ሁለት ጨዋታ የሰረቅናችሁ እኛ ነን» አለች አይዳ። «እሑድ ከሰሉን ምን አደረጉት?»

«ደፋሁት። በርሜሉ ውስጥ።»

«መጥበሻውንስ?»

«ውጭ ቀዝቅዞ ይደር ብዬ ተውኩት። ጠዋት ላነሳው።»

«ቨርን ከማን ጋር የሄደ መሰለዎት?»

«ከልጁ ጋር። አባትና ልጅ ናቸው፤ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። በአንድ መኪና የገቡ መሰለኝ።» ቢላዋውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠው። «ኔት አልገደለውም። ያ ልጅ ዝንብ አይገድልም፤ ይህን ጻፉልኝ።»

«ሰኞ ጠዋት ሬዲዮ ላይ ሲጠብቁዎት ነበር።»

«ሐዘን ላይ ሆኜ ስለ ኳስ ላወራ ነው? ምን ዓይነት ሰው አደረጉኝ?»

«እውነትዎን ነው» አለች አይዳ። ግማሽ ኪሎ ቋሊማ ገዝታ ወጣች።

ከዚያ ሬይ ዶብስን ፈለገችው።

«እሑድ እነሱ በርሜሉ ውስጥ ከሰል ደፍተዋል?»

ሬይ ሳቀ። «የዚያች አውቶቡስ ሰዎች? በመጨረሻው ጨዋታ አንድም ዓመት ሰጥተውኝ አያውቁም። ከኋላዋ በውጭ በኩል ባለው መደርደሪያ ላይ ጭነው ነው ይዘውት የሚሄዱት። ዘንድሮ ግን ከሁለት ሳምንት በፊት በፍም የተነሳ መኪና ተቃጥሎብን አለቃዬ ትኩስ ከሰል ይዞ የሚያድር ተሽከርካሪ እንዳይኖር አለ። ጨዋታው እንዳለቀ እየዞርኩ መደርደሪያዎቹን ሁሉ አየሁ። የእነሱ ባዶ ነው። ‹ደፍተናል› አሉኝ፤ ሲደፉ ግን አላየሁም።»

«ማን ነው ያለህ?»

«ባለ ሥጋ ቤቱ።»

«ያኔ ቨርን የት ነበር?»

«ያ ሰውዬ? እሱማ ብቻውን ወደ ሐይቁ ሲሄድ አይቼዋለሁ። ባዶ ራሱን ነበር፤ ‹ጆሮህ ይወድቃል፣ ኮፍያ አድርግ› ብዬዋለሁ።»

ረቡዕ ቀትር ላይ አይዳ ሁላችንንም በወንድሜ ጎሚስታ ሰበሰበችን። ቀብሩ ለሐሙስ ነበር። ሎሬታ ወንበር ላይ፣ ኔት እዚያው ጎማው ላይ፣ ጊል በሩ አጠገብ ቆሞ፣ እኔ ከመሣሪያ ጠረጴዛው ጋር ተደግፌ። አይዳ መሐል ላይ ባነሩን ዘረጋችው።

«ነገሩ ከመጥበሻው ይጀምራል» አለች። «በረዶው ያባራው አሥር ሰዓት ግድም ነው። ክዳኑ ላይ በረዶ የለም። ስለዚህ መጥበሻው ሌሊቱን ውጭ አላደረም፤ ካባራ በኋላ ነው የወጣው። በሥሩ ያለው በረዶም አልቀለጠም፤ ሲወጣ ቀዝቅዞ ነበር። ያደረው ከቨርን ጋር ነው ማለት ነው።»

አይዳ ወደ ባነሩ ጎንበስ አለች።

«ዐቃቤ ሕጉ ‹ልጁ ተመልሶ እሳቱን አስገባበት› ይላል። እኔ ግን ይህን አየሁ።» በጣቷ የተቃጠለውን ክብ ነካች። «ትኩስ መጥበሻ ላይ ባነር የሚጥል ሰው ማን ነው? ሰውን ሊያሞቅ ያስገባ አይሸፍነውም። ሊገድል ያስገባም ቀዳዳዎቹን ደፍኖ እሳቱን አያፍነውም፤ እንዲነድለት ይከፍተዋል እንጂ። የሚሸፍነው የሚደብቅ ነው። ከማን? ከሬይ። ሬይ ከሰል ሲያስደፋ የዞረው ደግሞ ጨዋታው እንዳለቀ፣ ቨርን ሐይቁ ዳር ሳለ ነው። ስለዚህ መጥበሻው የገባው አውቶቡሷ ባዶ ሳለች ነው። ያስገባው ሰው እሳቱ ታፍኖ የጠፋ መስሎታል። የታፈነ ከሰል ሽታም ብርሃንም ሳይሰጥ ለሰዓታት እንደሚተነፍስ ልብ አላለም። ቨርን በርዶትና ደክሞት ሲመለስ ሁላችሁም ሄዳችኋል። ገባ። ጫማውን አወለቀ። ከወንበሩ ጀርባ ባነር እንጂ ሌላ አላየም።»

«ጌታዬ ሆይ!» አለች ሎሬታ።

«ጠዋት አንድ ሰው መጣ። አየው። መስኮቶቹን ከፈተ፣ መጥበሻውን አወጣ፣ ሄደ። ይህ ሰው ማን እንደሆነ ሦስት ነገር ነገረኝ። መጥበሻው ባዶ ነበር። በርሜል ውስጥ ከሰል እንዳልተደፋ ሬይ ያውቃል። እንግዲያው ከሰሉን የወሰደው ጠዋት የመጣው ሰው ነው። በሬሳ አጠገብ ቆሞ የጠፋ ከሰል የሚለቅም ሰው ነፍሰ ገዳይ አይደለም። እጁ የሚሠራውን የማያውቅ ሰው ነው፤ እጁ ግን ያንን ሥራ ሠላሳ ዓመት ለምዶታል።»

ጊል በሩን ተደገፈ።

«ሁለተኛው፣ ‹ደፍቼዋለሁ› አሉኝ። እናንተ ውስጥ የመጨረሻውን ከሰል የሚደፋ የለም፤ ኔት ሳላስጨንቀው ነገረኝ። ሦስተኛው ሬዲዮው ነው። ሰኞ ሐዘን ላይ ስለነበርኩ አልደወልኩም አሉኝ። ፕሮግራሙ ሁለት ሰዓት ላይ አለቀ። ኔት ደውሎ ያረዳዎት አራት ሰዓት ላይ ነው። አቶ ራፈርቲ፣ ማንም ሳይነግርዎ ሐዘን ላይ የተቀመጡት እንዴት ነው?»

ጊል በሩን ለቀቀው። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ ያን የሚያህል ሰው እንደ ሕፃን።

«ከሰሉን ልወስድ ነበር በእግሬ የመጣሁት» አለ። «ሎሬታ ሳትመጣ፣ ሬይ ሳይነቃብኝ። ባነሩን ስገልጥ ጫማውን አየሁት። ቨርን፣ ቨርን አልኩት... ሠላሳ ዓመት እሳት ያያዝኩለት ሰው! በመደርደሪያው ላይ ብተወው ኖሮ... አንድ ቀን ብደፋው ምን ነበረበት?»

«ልጁን ሊያስሩት እንደሆነ ሰምተሃል እኮ!» አለች ሎሬታ ከወንበሯ ተነስታ። «ሦስት ቀን፣ ጊል! ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አልክ!»

«በየቀኑ ልናገር እነሳለሁ። ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› የሚለው ቃል አልወጣ አለኝ።»

አይዳ ወደ ኔት ዞረች። «አንተ ነፃ ነህ። ሪፖርቴን ማታ እሰጣለሁ። ግን ለምን እንደተመለስክ ዛሬም አልነገርከኝም።»

ኔት የተዘረጋውን ባነር አየ። «ይቅርታ ልጠይቀው ነበር» አለ። «ስልኩን አላነሳም። ጊል ቤትም መብራት የለም። ተመለስኩ። አውቶቡሷ ጨለማ ናት። ‹እዚያ ውስጥ ቢኖርስ?› ብዬ አስቤ ነበር። ከመኪናው ልወርድ በሩን ከፈትኩ። ከዚያ ደግሞ፣ እሱ ለምን አይደውልም፣ ሁልጊዜ የምለምነው እኔ ነኝ ወይ አልኩ። ዘጋሁት። ሄድኩ።» እጆቹን አያቸው። «ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ያኔ በሕይወት ነበር?»

አይዳ ባነሩን ማጠፍ ጀመረች።

«የሐኪሙን ወረቀት አይተሻል። ልትዋሺኝ አትችይም።»

«ነበር» አለች አይዳ። «በሕይወት ነበር።»

ኔት ራሱን ነቀነቀ፤ ዋጋ እንደተነገረው ሰው። ተነስቶ ጊል ወደተቀመጠበት ሄደ። እኔ ሊመታው መስሎኝ ከጠረጴዛው ተነሳሁ። ጊልም እንደዚያ መሰለው፤ ፊቱን አልሸሸገም።

«ግደለኝ፣ ልጄ» አለው።

«ጊል» አለ ኔት። «ሣጥኑን የሚሸከም አንድ ሰው ጎድሎናል። ነገ አራት ሰዓት ነው። ሸሚዝ ቀይረህ ና።»

ጊል መጣ። ከኔት ጎን ሆኖ ተሸከመ። ሁለቱም አላለቀሱም፤ ያለቀሰችው ሎሬታ ናት፣ ለሦስቱም።

በግንቦት ዳኛው በጊል ላይ ማስረጃ በመደበቅና በቸልተኝነት ሰው በመግደል ሁለት ዓመት ፈረደበት፤ በገደብ። ሥጋ ቤቱን ለእህቱ ልጅ ተወው። ታልበርትን ቡድኑ አላስፈረመውም፤ ምዕራብ ላለ ቡድን ፈረመና በአራተኛው ጨዋታ ጉልበቱ ተሰብሮ አቆመ። ጎሚስታውን ኔት አልዘጋውም። አውቶቡሷን በሰኔ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሸጥናት፤ እነሱም ነጭ ቀለም ቀቧት።